ሁለት ፈቃድ የሚጠብቅ ሸሚዝ

ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች ተደርድረው ይታያሉ። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ነው። የአሜሪካው ትራይበስና የጣሊያኑ ካርቪኮ ገቡበት። ሴት ልጁን ወደ ዓረብ አገር ሲሸኝ ለኖረ የወሎ ገበሬ ይህ ቀላል ተስፋ አልነበረም። ተስፋው ግን በሁለት የቀረጥ ምሕረቶች ላይ የቆመ ነበር፤ አንዱ የአዲስ አበባ፣ ሌላው የዋሽንግተን።

የአዲስ አበባው አዋጅ ቁጥር 768/2004 ነው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ሲገባ ቀረጡ ወይ ሒሳብ ላይ ይያዛል፣ ወይ ተከፍሎ ኋላ ይመለሳል። አንዱ መንገድ ቫውቸር ነው፤ ፋብሪካው በገንዘብ ፈንታ የቀረጡ ልክ የተጻፈበት ሰነድ ይይዛል፣ ሸሚዙ ወደ ውጭ ሲላክ ይወራረዳል። ሌላው ከፍሎ ማስመለስ ነው። ለአንድ ሸሚዝ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ይሰላል፤ ከመቀስ የተረፈው ቁርጥራጭ ሳይቀር ይቆጠራል። በጊዜው ያልተላከ ወይም ደሴ ገበያ ላይ የተሸጠ ዕቃ ቀረጡ ይጠየቅበታል፣ ባለፋብሪካውም መብቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ቁጥጥር ተገቢ ነው። ለውጭ ገበያ ተብሎ ያለ ቀረጥ የገባ ጨርቅ መሀል ከተማ ሲቸበቸብ፣ ግብሩን ከፍሎ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነው የሚከስረው።

የዋሽንግተኑ አጎዋ ይባላል፤ በግንቦት 1992 የጸደቀ፣ የአፍሪካ አገሮችን ምርት የሚመለከት የአሜሪካ ሕግ ነው። ለኢትዮጵያ ትልቁ ጥቅሙ ከእስያ በመጣ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ እንኳ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ መፍቀዱ ነበር። ያለ አጎዋ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ጨርቁ ደግሞ 32 በመቶ ይከፍል ነበር። በሳንቲም ትርፍ በሚሠራ የልብስ ስፌት ውስጥ ይህ ልዩነት ትዕዛዝ ማግኘትና ማጣት ማለት ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸመ የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቁ። ያን ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከወደቁ ገና ቀናት ነበሩ፤ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። መንግሥት ከተሞቹን ማስመለሱን ያስታወቀው በኅዳር መጨረሻ ነው። በመሀሉ ፓርኩ ተዘርፏል። ስረዛው ታኅሣሥ 23 ሲጸና፣ ኮምቦልቻ የተሰበረ መስኮቷን ገና እየጠገነች ነበር።

በጦርነቱ የተፈጸመው ግፍ ዝም ሊባል የሚገባው አልነበረም። ሕጉ ግን የሚቀጣው አገርን በጅምላ ነው። ማሽን ላይ የምትውለው የቃሉ ወይም የተሁለደሬ ወረዳ ልጅ ጦርነቱን አላወጀችም፤ ጦርነቱ ነው ደጇ ድረስ የመጣባት። ቅጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ ያረፈው በእሷ የወር ደመወዝ ላይ ነው። ሰላም እንዲመጣ የታሰበ እርምጃ ከጦርነቱ የተረፈውን እንጀራ ከነካ፣ ስሌቱ ላይ ስሕተት አለ ባይ ነኝ።

ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ፕሪቶሪያ ላይ በመንግሥትና በሕወሓት መካከል የሰላም ስምምነት ተፈረመ። አጎዋ ግን አልተመለሰም። ለስረዛው መነሻ የሆነው ጦርነት በስምምነት ከቆመም በኋላ፣ የኬንያ የጥጥ ቲሸርት ያለ ቀረጥ በሚገባበት የአሜሪካ ወደብ የኢትዮጵያው 16.5 በመቶውን ይከፍል ነበር።