ስለ ኮሜዲያ ቴአትርና ስለ ቤታችን ልጆች

በቦንጋ ከተማ፥ ዝናሙ ከደጅ አላስወጣ ባለበት በአንድ የክረምት ቀን፥ ልጆቻችን ከጎረቤት ልጆች ጋራ ተሰብስበው በእልፍኛችን ጨዋታ አሳዩን። ነጠላ ጋርደው፥ አንዱ አንበሳ፥ አንዱ በግ፥ አንዲቱም ጦጣ ኾነው ቀረቡ። አንበሳው ዳኛ ነበረ፤ ጦጣዪቱም የዳኛው ጸሓፊ። ባለጕዳዩን በግ «ነገ ተመለስ» እያለች ሰባት ጊዜ ስታመላልሰው፥ ቡና ሊጠጣ የተቀመጠው ጎረቤት ኹሉ በሣቅ ተንከተከተ። እኛ ግን እንጀራችንን የምንበላ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስለ ኾነ ፊታችን ጠቈረ። በእንግድነት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሹምም «ይህን ማን አስተማራቸው? ይከልከል እንጂ!» አሉ። ጨዋታውም በመካከሉ ተቋረጠ። ልጆቹን ልንገሥጽ ስንል፥ ቀድሞ በንባብ ያገኘነው ታሪክ ትዝ አለንና ለእንግዳችን ነገርናቸው። ለአንባቢዎቻችንም የምናቀርበው ይኸንኑ ነው።

ኮሜዲያ ማለት የሰውን ጕድለት በሣቅ የሚገልጽ ቴአትር ነው። በእንግሊዝ አገር ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በነገሠችበት ዘመን፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1558 እስከ 1603 ባለው ጊዜ፥ ይህ ጨዋታ እጅግ ሠለጠነ። በ1576 ጄምስ በርቤጅ የሚባል ሰው ከለንደን ቅጥር ውጭ የቴአትር ቤት ሠራ፤ በ1599 ደግሞ ግሎብ የተባለው ስመ ጥሩ ቤት ተሠራ። የቤቱ መካከል ጣራ አልነበረውምና የሚጫወቱት በቀን፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ጀምሮ፥ በፀሐይ ብርሃን ነበረ። ድኻው አንድ ፔኒ ከፍሎ በግቢው መካከል ይቆማል፤ የበለጠ የከፈለ ጣራ ባለው ሰገነት ይቀመጣል። የለንደን ሰማይም እንደ ቦንጋ ሰማይ አይታመንምና የአንድ ፔኒው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይበሰብስ አልቀረም።

በመድረኩ ላይ ሥዕልና ጌጥ ጥቂት ነበረ፤ ሌሊት መኾኑን ወይም ዱር መኾኑን ተመልካቹ የሚያውቀው ከተጫዋቹ ቃል ነው። ሴቶች በመድረክ አይወጡም ነበርና የሴትን ጨዋታ የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ልጆች ይጫወቱት ነበር። ስለዚህ በኮሜዲያ ውስጥ ሴት መስላ የቀረበችው ተመልሳ ወንድ መስላ ስትታይ፥ የሕዝቡ ሣቅ እጥፍ ይኾን ነበር። እንደ ዊል ኬምፕ ያሉ የታወቁ አሣቂዎችም ነበሩ፤ ጨዋታውም ሲፈጸም ብዙ ጊዜ ዘፈንና ጭፈራ ይከተለው ነበር።

ይልቁንም እኛን ያስደነቀን ይህ ነው፤ የዊልያም ሼክስፒር «የስሕተት ኮሜዲያ» በ1594፥ «የዐሥራ ኹለተኛዪቱ ሌሊት» የተባለውም በ1602 የታዩት በለንደን የሕግ ሰዎች በሚማሩበትና በሚኖሩበት አዳራሽ ነበረ። ነገ በወንበር የሚቀመጡት ዛሬ በሰው ሞኝነት ሊሥቁ ተሰብስበው ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ሣቁ ያለ ልክ የተለቀቀ አልነበረም። ማናቸውም ጨዋታ አስቀድሞ በመንግሥት ሹም ይመረመር ነበር። በ1597 «የውሾች ደሴት» የተባለ ኮሜዲያ መንግሥትን ይነካል ተብሎ ታገደ፤ ከደራሲዎቹ አንዱ ቤን ጆንሰን ታሰረ፤ ድርሰቱም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይኸው ሰው ግን በሚከተለው ዓመት ሌላ ኮሜዲያ አቀረበ፤ ከተጫዋቾቹም አንዱ ሼክስፒር ራሱ ነበረ።

የዚህ አምሳያ በአገራችንም ኾኗል። በሩስያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፥ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለውን ድርሰት፥ በአዲስ አበባ ከተማ አሳዩ። ነገሩ ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች የተወሰደ፥ አውሬዎች እንደ ሰው የሚነጋገሩበት ነበር። ኾኖም በአውሬዎቹ ስም የተነቀፈው የሹማምንት ጥፋት መኾኑ ስለ ታወቀ፥ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ ተከለከለ። እኒሁ ሰው ግን በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፥ በኋላም በመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው የቆሙ ናቸው። በሹም ጥፋት የሣቀ ኹሉ የመንግሥት ጠላት እንዳልኾነ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዳችን ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም በግ ወደ ኾነው ልጅ ዘወር ብለው «ለመኾኑ፥ ልጄ፥ በመጨረሻ ተፈረደልህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «አባባ፥ ገና ነው፤ አስቆማችኹን እኮ» አለ። እሳቸውም «እንግዲያስ ጨርሱት» አሉና ሦስተኛው ቡና እስኪቀርብ ጨዋታው ቀጠለ።

እንግዲህ፥ የተከበራችኹ አንባቢዎች፥ ልጆቻችኹ ቢጫወቱ አትከልክሏቸው። የምንመክረው፥ ሣቃቸው በጥፋት ላይ እንጂ በሰው ስም ላይ እንዳይኾን፥ በድኻና በአካለ ጐደሎም እንዳይሣለቁ ነው። ከዚህ የቀረውን ግን ታግሠን ማየት ይገባናል።

እኛም በማግሥቱ ወደ ሥራችን ስንገባ፥ አስቀድመን ያነሣነው ከመዛግብት ሥር የከረመውን የአንዲት እናት ማመልከቻ ነው። ከገጠር በእግራቸው እየመጡ «ነገ ይመለሱ» ያልናቸው ስንት ጊዜ እንደ ኾነ ቈጠርን፤ ከሰባት ይበልጥ ነበር።