ማኅደር በቁጥር ሲጠየቅ

በሩን ገፋ አድርጉትና ቀረብ በሉ። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ወረታ ትንሽ ከተማ ናት።

ሹም በላ ሲባል እናንተ የሚታያችሁ ፖስታ ነው አይደል? ጠረጴዛ ሥር የምትተላለፍ፣ ወፈር ያለች። ኧረ ተዉኝ! ፖስታ የተላላኪ ነው። ለጉዳይ ገዳዩ፣ ቢበዛ ማኅተም ለያዘው ልጅ ሻይ መጠጫ። ዋናው ሰውዬ ብር በእጁ አይነካም። እሱ የሚወደው ቃለ ጉባኤ ነው።

እንዴት መሰላችሁ? ወረታ ያለችበት ፎገራ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣር ነው፣ ሣሩም የሁሉ ነው። በ1970ዎቹ ሩዝ ገባ። ሌላው እህል የሚታፈንበት ዋልካ ለሩዝ ተስማማውና ማንም ዞር ብሎ ያላየው ረግረግ ተፈላጊ ሆነ። የግል ማሳ አረንጓዴ የይዞታ ደብተር አለው፤ ቢነኩት ባለቤቱ ይጮኻል። ለወል ግጦሽስ ማን ይጮኽላታል? «ለሥራ አጥ ወጣቶች» ተብላ ትሸነሸናለች። ዓላማው መልካም ነው፣ ሕዝብ የመረጣቸው የኮሚቴ አባላትም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመዋል። ምክሬን ከሰማችሁ ፊርማውን ተዉትና ቀኑን እዩ። እኔ በጥምቀት ዕለት የተሰበሰበ ኮሚቴ አይቻለሁ። አገር ሁሉ ታቦት ሲሸኝ እነሱ መሬት ሲያከፋፍሉ ውለዋል፣ በወረቀት ላይ።

መሬት የደረሳቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የሹሙን ስም ለመፈለግ አትድከሙ። የአማቱን ፈልጉ። የፌዴራሉ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የራስህን፣ የትዳር ጓደኛህንና በሥርህ ያሉ ልጆችህን ሀብት አስመዝግብ ይላል። አማት አልተጠቀሰችም። አይ አማት! ሰባ ዓመት ሞልቷት፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ድንገት ሩዝ ዘሪ ትሆናለች።

የመንገዱ ነገርም አለ። ወረታ የባሕር ዳር–ጎንደሩ መንገድ ከወልድያው የሚገናኝባት መገንጠያ ናት፤ ቀያሽ የማያጣት ከተማ። ቀያሹ ካስማ ሳይተክል መስመሩን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ያኔ ባሕር ዛፍ በጥድፊያ ይተከላል፣ የጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይቆማል። ለእርሻ መሬት የሚከፈለው ካሳ ድሮ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ በአዋጅ 1161/2011 በ15 ሆነ። ለገበሬው ተብሎ ነው፣ ደግ አደረጉ። ቀድሞ ለሰማው ሰውዬ ግን ይበልጥ ደጉን አደረጉለት።

«ይህ ሁሉ ሲሆን አይታወቅም?» ትሉኛላችሁ። ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው። ይታወቃል! ማኅደር አይጠፋም፤ ይተኛል። ሰውዬው ከበላዮቹ ጋር እስከተስማማ ድረስ የሚቀሰቅሰው የለም።

አላመናችሁኝም? ትልልቆቹን እንይ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ ጥቅምት 1989 ወረዱ፣ በ1992 18 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1993 ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ግንቦት ላይ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ወዲያው ከተሸናፊው ወገን አቶ ስዬ አብርሃ ታሰሩ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ብትል፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ መልሰው ያዟቸው። በሙስና የተጠረጠረ ዋስ አይኖረውም የሚል ማሻሻያም በዚያው ሰሞን በጥድፊያ ወጣ። እዚሁ ክልላችን ደግሞ አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሳ ነሐሴ 2010 ክልሉን ይገዛ ከነበረው ከብአዴን ማዕከላዊ ኮሚቴ ታገዱ፤ ጥር 2011 በፓርቲው የንግድ ተቋም በጥረት ኮርፖሬት ጉዳይ ታሰሩ፤ በ2012 ስድስትና ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ጥፋት አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ፈርዷል። ግን ቀኖቹን ደርድሯቸው፦ መጀመሪያ ፀብ፣ ከዚያ ማኅደር። ተገላቢጦሹም አለ። የጉምሩኩ ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ግንቦት 2005 ታሰሩ፣ ዘመን ሲለወጥ በ2010 ክሱ ተቋረጠ፣ በ2014 ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ለዚህ ነው እኛ መዝገብ ቤቶች ከዜናው ቀድመን የምናውቀው። ባለጉዳይ ማኅደር የሚጠይቀው በስም ነው፤ ቁጥሩን ከየት ያውቀዋል? አንድ ቀን ግን ቦርሳ ያነገተ እንግዳ ከላይ ይመጣል። ስም አይጠራም። ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ያቀብለኛል፣ ይፈርማል፣ ይወስዳል።

በዚያው ሳምንት ሹሙ መንገድ ላይ ያገኘኛል። ስንት ዓመት ቀና ብሎ ያላየኝ ሰው፣ ከመኪናው ወርዶ! «እትዬ፣ እንደምን አደሩ? እንደው ያቺ ማኅደር ቦታዋ ላይ አለች?»

«ወጪ ሆናለች፣ ጌታዬ።»