ስለ ጎንደር ጥንታውያን ሕንፃዎችና ፍርስራሾች አጠባበቅ

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ ከተቈረቈረች ወዲህ የደረሰባት ጥፋት ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው የጦርነት ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠላቸው፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ከተማዪቱን መዝረፋቸውና ማቃጠላቸው ከአባት ወደ ልጅ ሲተረክ ኖሯል። ነገር ግን የጥንት ሥራ የሚጠፋው በእሳትና በሰይፍ ብቻ አይደለም። አንዱ ለአጥሩ የሚሆን ድንጋይ ከፍርስራሽ ሲነቅል፤ ሌላው የተቀበረ ወርቅ ይገኛል ብሎ ወለል ሲቈፍር፤ ሦስተኛውም ስሙን በምስማር በግንብ ላይ ሲጭር፤ የየዕለቱ ጥፋት ጥቂት ስለ ሆነ ከሳሽም መስካሪም አያገኝም።

የፍርስራሽ ጥቅም በድንጋዩ ዋጋ አይለካም። በመሬት ውስጥ ያለው ገል፣ ዐመድ፣ አጥንትና የኖራ ስብርባሪ በተራው የተደረደረ ነው፤ የታችኛው ድርድር የቀደመውን ዘመን፣ የላይኛው የኋለኛውን ያመለክታል። ወርቅ ፈላጊ ይህን ተራ ካፈረሰው በኋላ ዕቃው ሁሉ ቢመለስ እንኳ፣ የነበረበት ቦታ ይሰጠው የነበረው ምስክርነት አይመለስም። የስፔን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበሩትን የኢየሱሳውያን ሕንፃዎች ሲያጠኑ የተመረኰዙት በዚሁ ምስክርነት ላይ ነው። ተራው ባልተነካበት ስፍራ መሬቱ ይናገራል፤ በተነካበት ግን ዝም ይላል።

ሆኖም ጥፋቱን በገበሬውና በእረኛው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ የጥናት ጓድ በጎንደር ሳለ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ጥንታውያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን ቅጂዎች አኖረ። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስም የዕለት ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 ስላሳተመ ነገሩ በራሳቸው ቃል ተመዝግቧል። ቤተ ክርስቲያኑ ማርጀቱ ለድርጊቱ ምክንያት ሆኖ ቢቀርብ እንኳ፣ በመቅደስ ዙሪያ ያለ ሥዕል ትርጕም የሚሰጠው በየትኛው ግድግዳ፣ ከየትኛው ሥዕል አጠገብ፣ ከማን ፊት እንደ ቆመ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ሥነ ሕዝብን የሚያጠና ሰው ሌላውን ከመምከሩ በፊት ይህን ታሪክ ማስታወስ ይገባዋል።

በጎ አሳብም ያለ ዕውቀት ይጐዳል። የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው፤ ኖራ ርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለጥገናው የተጨመረው ሲሚንቶ ግን ርጥበቱን በውስጥ ስለሚያግድ አሮጌውን ግንብ የሚጐዳ ሆነ። ስለዚህ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ጥገና ወደ ኖራ መመለስ አስፈለገ። ፋሲል ግቢም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

እንግዲህ ሰውን ለመጠበቅ የሚያነሣሣው ምንድን ነው? መልሱን የፋሲለደስ መዋኛ ያሳያል። መዋኛው በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ ውሃ ስለሚሞላ ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ያውቀዋል። በደንቀዝ ያለው የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግን እንዲህ ያለ በዓል የለውም፤ ባለቤት የሌለው የመሰለ ድንጋይ ደግሞ የማንም ድንጋይ ይሆናል።

ጥበቃ ለአገሩ እንግዳ አሳብ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለንዋየ ቅድሳት ገበዝ ትሾማለች፤ በብራና መጻሕፍት መጨረሻም የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ይጻፋል። ለደንቀዝና ለመሰሎቹ የጐደለው የጥበቃ ልማድ ሳይሆን፣ ይህ ልማድ ቅዳሴ ወደማይቀደስበት ፍርስራሽ መሻገሩ ነው። ይህንም ካህኑ በስብከቱ፣ ሽማግሌው በሸንጎው፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ስፍራው ወስዶ በማሳየት ሊፈጽሙት ይችላሉ።

ሕጉ በበኩሉ ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቈፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ቅርስ ያገኘም ሰው ሳይነካ ጠብቆ እንዲያስታውቅ ያዛል። ነገር ግን አዋጅ በደጋው ጕብታ ላይ ሌሊትና ቀን አይቆምም፤ በዚያ የሚውሉት እረኛውና ገበሬው ናቸው። እነርሱ ደግሞ የሚጠብቁት ስለ ስፍራው ሲነገራቸው ነው። ተመራማሪ ቈፍሮ፣ ለክቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ያገኘውን በአማርኛ ለመንደሩ ሰዎች ካላስረዳ፣ በእነርሱ ዓይን ከወርቅ ፈላጊው በምን ይለያል? የምርመራው ውጤት ለሊቃውንት ጉባኤ ከመቅረቡ ጋር አብሮ ለባለ አገሩ መነገሩ፣ እንግዲህ ትሩፋት ሳይሆን የጥናቱ አንድ ክፍል ሆኖ ሊቈጠር ይገባል።