የመረጥነው ወኪል መሪን ማውረድ ይችላል?

የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ መራጭ ድምፁን ሲሰጥ ፕሬዚዳንትም ጠቅላይ ሚኒስትርም አይመርጥም። የሚመርጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚላከውን ወኪል ነው። መሪ ሲያጠፋ ከመርሐቤቴ እስከ አራት ኪሎ የሚወስደው የተጠያቂነት መንገድም በዚሁ ወኪል በኩል ያልፋል።

እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት መሪ ሲወርድ ምን እንደሚከተል ሸዋ አይታለች። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ቤተ ክህነቱ አዲስ አበባ ላይ መክረው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። የተመረጠ ሸንጎ አልነበረም፤ ተከሳሹም ቀርቦ አልተሟገተም። አባትየው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘለቁ። የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ወደቁ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቆ ጉዳዩ በጦርነት ተፈጸመ።

ዛሬስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ለስድስት ዓመት ነው። እንዴት እንደሚነሳ ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ የሚደነግጉት አንቀጾች አይናገሩም። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1993 ዓ.ም. ከድርጅታቸው ከኦህዴድ ሲለያዩ ከፕሬዚዳንትነት ያነሣቸው የለም፤ ዘመናቸውን ጨርሰው መስከረም 1994 ላይ ለአቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረከቡ። ይህ ክፍተት ብዙ አያሳስበኝም። ጦሩን የሚያዝዘው፣ ካቢኔውን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነውና ዋናው ጥያቄ እሱ ዘንድ ነው።

አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ያደርገዋል። አንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠርቶ እንዲጠይቀው፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጣል። ከዚያም አልፎ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ተወያይቶ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ መውሰድ ይችላል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛው 183 ነው።

ይህ በር ሰፊ ነው፤ የሚገባበት ግን አልተገኘም። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ብቻውን 410 መቀመጫ አሸነፈ፤ ስለዚህ 183 ፊርማ ከገዥው ፓርቲ ወንበር ካልመጣ ከሌላ ከየትም አይመጣም። ከ1987 ወዲህ በምክር ቤት ድምፅ የወረደ ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። አቶ መለስ ዜናዊ በሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ፤ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው እንደሚለቁ አስታወቁ።

በዋዜማው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ለቅቀው ነበር። እዚያም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው ነው፤ እዚያም ያኔ አብዛኛውን ወንበር የያዘው አንድ ፓርቲ ነበር። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ የራሳቸው ፓርቲ አባላት በማግስቱ ፓርላማ ውስጥ የመተማመኛ ድምፅ ሊነፍጓቸው ተዘጋጅተው ነበር፤ ዙማም ይህን እያወቁ ነው የለቀቁት። የእኛ ምክር ቤት የተነፈገው ይህንን ድፍረት ነው እንጂ አንቀጹን አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ መራጩንም አልረሳም። አንቀጽ 12 እና አንቀጽ 54 እምነት ያጣበትን ወኪል ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋሉ። ዓለም ከተማ ላይ ዕጩ ሆኖ የሚቆም ሰው ስለ መንገድና ስለ ውኃ ሲጠየቅ ይህም አብሮ ይጠየቅ፦ «የራስዎ ፓርቲ መሪ ሲያጠፋ ከ183ቱ አንዱ ሆነው ይፈርማሉ?»