እልልታው የት ገባ?

የአጎቴ ልጅ ከሰሃላ ወደ ሰቆጣ በወጣ ቁጥር የሚያድረው እኔ ቤት ነው። ባለፈው ሲመጣ ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኘሁለትና ቻርጅ ላይ ሰክተን ተኛን። ስልኩ ለወራት ሳያገኘው የቆየውን አፕዴት ሌሊቱን ሲያወርድና ሲጭን አደረ። ጠዋት ቡና እየጠጣን ሳለ ስልክ ጮኸ። የጎረቤት መስሎን ሁለታችንም ዝም አልን። የራሱ ስልክ መሆኑን ያወቀው ጥሪው ካበቃ በኋላ ነው። አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ እልልታው የት ገባ?» አለኝ።

እልልታው የስልኩ ጥሪ ነው። በእህቱ ሰርግ ላይ ራሱ የቀዳው የኽምጣና ቋንቋ ዘፈን ነው፤ የሚጀምረው በሴቶቹ እልልታ ነው። ለጌጥ ብሎ የመረጠው እንዳይመስላችሁ። ሰሃላ ሰየምት ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላ ነው፤ ገደሉና ሸለቆው ኔትወርኩን ይጋርደዋል። እሱ መንደር ስልክ ኪስ ውስጥ አይውልም። ኔትወርክ የሚይዝበት ድንጋይ ተለይቶ ይታወቃል፤ ስልኩ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ፍየሎቹን እየጠበቀ ጆሮውን ወደዚያው ጥሎ ይውላል። አንዳንድ ቀን አንድ ድንጋይ ላይ የሦስት ሰው ስልክ ይቀመጣል። ሦስቱም ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን ድምፅ ካሰሙ የተጠራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ሰው ዳገት ይወጣል። እልልታው ግን ከማዶ ይሰማል፤ የማን እንደሆነም ይታወቃል።

ነገሩ ከነከነኝ። እስከ ሥሩ ካላየሁት ብዬ ተነሳሁና ያገኘሁትን ለእናንተም ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ድምፆችን እንለይ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና። አንዱ ደዋዩ የሚሰማው ነው። በተለምዶ የጥሪ ማሳመሪያ የምንለው ይህ ነው፤ የሚኖረውም በቴሌው ማሽን ውስጥ እንጂ በእጃችሁ ባለው ስልክ ውስጥ አይደለም። ኮሮና በገባበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ ኢትዮ ቴሌኮም የተለመደውን የጥሪ ድምፅ በጥንቃቄ መልእክት ሲተካው የማንንም ስልክ መንካት አላስፈለገውም። የአገሩ ሰው ሁሉ በደወለ ቁጥር ምክሩን የሰማው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ተደዋዩ የሚሰማው፣ ከስልኩ የሚወጣው ነው። አፕዴት የሚነካው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እናንተ አንድ ዘፈን ለጥሪ ስትመርጡ፣ አንድሮይድ ስልክ በቅንብሩ ላይ በዋናነት የሚጽፈው የዘፈኑን ስም አይደለም፤ ቁጥር ነው። ስልኩ ውስጥ የዘፈንና የፎቶ መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱ ፋይል በዚያ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። የቀበሌን የቤት ቁጥር አስቡት። የእናንተ ቤት 47 ቁጥር ነው እንበል። ቀበሌው አንድ ቀን ቤቶቹን እንደገና ቢቆጥርና ለእናንተ 112 ቢሰጣችሁ ቤታችሁ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የድሮውን ቁጥር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ግን አያገኛችሁም። ስልክም እንዲሁ ነው። ትልቅ አፕዴት ሲገባ፣ ወይም ሚሞሪ ካርዱ ወጥቶ ሲመለስ፣ መዝገቡ እንደገና ሊጻፍና ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። ስልኩ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ፋብሪካው ድምፅ ይመለሳል። የአጎቴን ልጅ ስልክ ስከፍት ዘፈኑ ሚሞሪው ላይ እንዳለ ነበር፤ ከነእልልታው። የጠፋው አድራሻው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቁልፉ ነው፤ ለአፖች የሚሰጠው ፈቃድ ማለቴ ነው። ድሮ አንድ አፕ አንዴ ከተጫነ እንደ ቤተኛ ጓዳ ድረስ ይገባ ነበር። የሙዚቃ ማጫወቻው የጥሪ ድምፃችሁን ሳያስፈቅድ መቀየር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ይህን ከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ራሱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ልዩ ፈቃድ ካልሰጠው በቀር አፑ ጥሪውን መቀየር አይችልም። በ2019 የመጣው አንድሮይድ 10 እያንዳንዱን አፕ በራሱ ክፍል ማጠር ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት አንድሮይድ 11 አጥሩን አጠበቀው። ለወራት ያልተከፈተ አፕ ፈቃዱ በራሱ እንዲሰረዝም አደረገ። ይህ የመጨረሻው ለኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከዘፈን ላይ ጥሪ ቆርጦ የሚያወጣውን አፕ ማን በየሳምንቱ ይከፍታል? አንዴ ትቆርጡበታላችሁ፣ ትረሱታላችሁ፤ እሱም ፈቃዱን ያጣል። በ2022 ደግሞ አንድሮይድ 13 የፎቶ፣ የቪዲዮና የድምፅ ፈቃዶችን ለያያቸው።

አጥሩ ለክፉ አልመጣም፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ባትሪ ለማብራት ብላችሁ የጫናችሁት አፕ የልጆቻችሁን ፎቶ እየከፈተ የሚያይበት ምንም ምክንያት የለም። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ጥሪው ሲቀየር ለባለቤቱ አልተነገረውም። ስልኩ «የመረጥከውን ድምፅ አላገኘሁትም፤ የት ነው ያለው?» ብሎ በአንድ መስመር ቢጠይቅ ኖሮ የአጎቴ ልጅ በግማሽ ደቂቃ ይመልሰው ነበር። ዝም ማለቱ ነው ጥፋቱ።

ገንዘብ ያለበት ታሪክም አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነውና። የመጀመሪያው አይፎን በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ አፕል በመስከረም ወር የጥሪ ድምፅ መሸጥ ጀመረ። ዘፈኑን በ99 ሳንቲም የገዛ ሰው፣ ያንኑ ዘፈን የስልክ ጥሪ ለማድረግ ሌላ 99 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ያውም ሠላሳ ሰከንድ ለምታህል ቁራጭ። ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ መላ አገኙ፦ የድምፅ ፋይሉን የስም መጨረሻ መቀየር ብቻ ይበቃል። አፕል በቀናት ውስጥ አይቲዩንስ 7.4.1ን አውጥቶ መንገዱን ዘጋ። ሌላ መላ ተገኘ። 7.4.2 ወጣና ያንንም ዘጋ። ይህ እንግዲህ እንደ ቀበሌው ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የገዙትን ዘፈን ሳይከፍሉ ጥሪ እንዳያደርጉት ታስቦ የተሠራ አፕዴት ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የአይፎን ተጠቃሚ የራሱን ድምፅ ለማስገባት ወይ ኮምፒውተር ወይ ሙዚቃ መሥሪያ አፕ ያስፈልገው ነበር። ከስልኩ ላይ አንድ የድምፅ ፋይል ይዞ በቀጥታ «ይህ ጥሪዬ ይሁን» ማለት የተቻለው በ2025 በወጣው አይኦኤስ 26 ነው፤ ያውም ድምፁ ከሠላሳ ሰከንድ ካልበለጠ። አሥራ ስምንት ዓመት!

ኖኪያ 3310 እኮ እ.ኤ.አ. በ2000 ቁልፎቹን እየተጫንን የራሳችንን ዜማ እንድንጽፍበት ይፈቅድልን ነበር። ከሙዚቃ ላይ ጥሪ መቁረጥም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም የምናውቀው የኖኪያ ጥሪ ራሱ ፍራንሲስኮ ታሬጋ የተባለ ስፔናዊ ጊታር ተጫዋች በ1902 ከደረሰው ዋልስ ላይ የተቆረጠ ነው።

ቅሬታ ፋይዳ የለውም ለምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። በመስከረም 2023 አይኦኤስ 17 ሲወጣ የአይፎን የተለመደው የማሳወቂያ ድምፅ ሳይታሰብ ተለወጠ። የለመዱት «ትራይ ቶን» ቀርቶ «ሪባውንድ» የሚባል ለስለስ ያለ ድምፅ መጣ፤ ወደ ድሮው የሚመልሱበት ቦታም አልነበረም። ሰዎች አይሰማንም፣ መልእክት እያመለጠን ነው ብለው ጮኹ። ልብ በሉ፤ ሰሃላ ድንጋይ ላይ ስልኩን ያስቀመጠው ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የወጣው አይኦኤስ 17.2 ምርጫውን ለባለቤቱ መለሰ። ሦስት ወር ፈጀ፤ ግን ተመለሰ።

ወደኛ ቤት ልመለስ። ያን ጠዋት ያደረግሁት ቀላል ነው። ዘፈኑን ከሚሞሪ ካርዱ ገልብጬ ወደ ስልኩ የራሱ ማስቀመጫ፣ «ሪንግቶንስ» የሚል ስም ወዳለው ፎልደር አስገባሁት። ስልኩ ጥሪ ሲፈልግ ወደዚያ ፎልደር ያያል፤ ካርድ ቢወጣ ቢገባም አይነካውም። ቀጥሎ ከሙዚቃ ማጫወቻው ሳይሆን ከስልኩ ቅንብር፣ ከድምፅ ክፍል ገብቼ መረጥኩት። ለሚስቱና ለወንድሙ ለየብቻ የሰጣቸው ጥሪም ነበረው፤ እነሱን ከስም ዝርዝሩ አንድ በአንድ አስተካከልን። ዘፈኑን ለራሴም በቴሌግራም ላክሁት፤ ስልኩ አንድ ቀን ቢሰበር እህቱ ሁለተኛ አታገባለትምና።

አፕዴት አታድርጉ አልልም። ስልክን ከሌባና ከቫይረስ የሚጠብቀው ጥገና የሚመጣው በሱ ነው። እንደ ቴክኖ ያሉ ስልኮች እዚሁ አገር መገጣጠም ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ስልክ አምራቾች ሁሉ ከአፕዴት በኋላ በአማርኛ፣ ቢቻል በኽምጣናም፣ አንዲት ጥያቄ እንዲያስገቡ መጠየቅ መብታችን ነው፦ የድሮው ጥሪህ ይቀጥል ወይስ ይቀየር? የጥገና ማዕከል ስትሄዱ ንገሯቸው። የአስተያየት ሳጥን ስታገኙ ጻፉላቸው።

እናንተ ከተማ ያላችሁ ደግሞ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ስልኩን ሲሰጣችሁና ከዋይፋይ ጋር ስታገናኙለት፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጥሪው ምን እንደሆነ ጠይቁት። ጠዋት ከመሸኘታችሁ በፊት ደግሞ ደውላችሁ አሰሙት።