የሰርቨር ዲስክ ሲበላሽ የመሬት መዝገቡ ምን ይሆናል?

የገጠር መሬት ይዞታ መረጃ በብዙ ወረዳዎች ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ይገኛል። በእነዚህ ወረዳዎች የማሳው ወሰን፣ የውርስና የኪራይ ምዝገባው በሰርቨር ዲስኮች ላይ ይቀመጣል። ዲስክ ደግሞ እንደማንኛውም መሣሪያ ያረጃል፤ ይበላሻልም።

ይህን ስጋት የሚቀንሰው አሠራር “ሬይድ” ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በወጣ ጽሑፍ አሠራሩን ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ ናቸው። ሐሳቡ በርካታ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ነው።

አሠራሩ በርካታ ዓይነቶች አሉት። ሬይድ 0 ፍጥነት እንጂ ጥበቃ የለውም፤ አንድ ዲስክ ከተበላሸ ሁሉም መረጃ ይጠፋል። ሬይድ 1 አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል፤ ለአነስተኛ ጽሕፈት ቤት ቀላልና አስተማማኝ ነው።

ሬይድ 5 በስሌት ይሠራል። የሦስት ጎተራ እህል ድምር ከታወቀና የሁለቱ መጠን በእጅ ካለ፣ የሦስተኛው ተሰልቶ እንደሚገኝ ሁሉ፣ የጠፋው ዲስክ መረጃም ከቀሪዎቹ ይሰላል። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች በሬይድ 5 ሲደራጁ 12 ቴራባይት ለሥራ ይተርፋል። ሆኖም አዲስ ዲስክ ተተክቶ መረጃው እስኪሞላ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ በዚህ መካከል ሁለተኛ ዲስክ ከተበላሸ መረጃው ይጠፋል። ሬይድ 6 ግን የሁለት ዲስኮችን ብልሽት ይቋቋማል፤ በእነዚሁ 4 ዲስኮች የሚተርፈው 8 ቴራባይት ነው። ስለዚህ ዲስኮቹ ትልልቅ ሲሆኑ ሬይድ 6 ይመረጣል።

ዲስክ ሲገዛ ለቀን ተሌት ሥራ የተሠራውን መምረጥ ይገባል። የሚሽከረከር አካል የሌለው “ኤስኤስዲ” ፈጣን በመሆኑ በየጊዜው ለሚፈለግ መዝገብ፣ ተሽከርካሪው ዲስክ ደግሞ በርካሽ ብዙ ስለሚይዝ ለካርታና ለሰነድ ምስል ይስማማል። መለዋወጫ ዲስክ በእጅ መያዝ፣ መብራት በድንገት ሲቋረጥም ጽሑፍ እንዳይቋረጥ የኃይል መጠባበቂያ ማኖር ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በስህተት የተሰረዘ መዝገብ ከሁሉም ዲስኮች ላይ እኩል ይሰረዛል፤ እሳት፣ ስርቆትና የኮምፒውተር ቫይረስም ሁሉንም በአንድነት ያጠፋሉ። ስለሆነም ቅጂው ከሰርቨሩ ተለይቶ በሌላ ቦታ ሊቀመጥና በትክክል መመለሱ በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል። ባለይዞታውም የማሳው መረጃ ቅጂ የት እንዳለና መቼ እንደተፈተሸ ጽሕፈት ቤቱን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።