ከአርባ በኋላ ዋና፦ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ የሚባለውና እውነታው

ዋና በሰሜን ወሎ ብዙውን ጊዜ የልጅ ጨዋታ ተደርጎ ይታያል። ከብት ጠባቂው ልጅ ወንዝ ዳር ይለምደዋል፤ አድጎ ትዳርና ሥራ ሲይዝ ይተወዋል። አርባን የተሻገረ ሰው ዋና ልማር ቢል «አሁን? በዚህ ዕድሜ?» መባሉ አይቀርም። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየምም የመዋኛ ገንዳ ያለው ማዕከል ሆኖ ተገንብቷል። ይሁንና ከገንዳ ብዙ የሚያተርፈው ጉልበቱን ማመም የጀመረው፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ጎልማሳ ነው።

ምክንያቱ ውሃ ክብደት መሸከሙ ነው። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሮቹ የሚሸከሙት የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ እስከ አንገቱ ሲገባ ደግሞ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀራል። በወልድያ ዳገት ቁልቁል ሲወርድ ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሰው ውሃ ውስጥ ብዙ ሕመም ሳይሰማው እግሩን ማንቀሳቀስ ይችላል። ውሃው እንቅስቃሴን ስለሚቋቋም ጡንቻም ልብም ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ የሚዋኝ ሰው ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል።

ከዚህ ተነስቶ ዋና ሌላውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይተካል ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ስለሆነ፣ ክብደትን የሚያቀልለው ውሃ ለአጥንት መሳሳት መከላከያ አይሆንም። በተለይ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ከዋናው ጎን የእግር ጉዞውንና ሸክሙን መተው የለባቸውም።

«በልጅነቱ ያልለመደ አይችልም» የሚለው እምነት ሰውን ከውሃ የሚያርቅ ትልቁ እምነት ነው። ጎልማሳን የሚያስቸግረው ፍርሃት እንጂ የሰውነቱ መድረቅ አይደለም። ጀማሪ ውሃ ሲነካው አንገቱን ያደነድናል፣ ራሱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ራሱ ከፍ ሲል ዳሌውና እግሩ ይሰጥማሉ፤ እግሩ ሲሰጥም ይበልጥ ይደነግጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት እጅና እግር ማንቀሳቀስ መሆን የለበትም። ተማሪው ውሃው ደረቱ ላይ በሚደርስበት ቦታ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ይቆማል፤ አየር ይስባል፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ አየሩን በአፍንጫው ቀስ ብሎ አረፋ እያደረገ ያስወጣል። ይህ ሲለመድ ሳንባውን ሞልቶ በጀርባው ይተኛል፤ ጆሮው ውሃ ውስጥ ሲገባና አገጩ ወደ ላይ ሲቀና እግሩ ለመነሳት ይቀልለዋል። መንሳፈፍ የቻለ ጎልማሳ ቀሪውን ከልጅ በተሻለ ትዕግስት ይማራል።

«ቀዝቃዛ ውሃ የሳንባ ምች ያመጣል» የሚለው እምነት ግማሽ እውነት አለው። የሳንባ ምች የሚመጣው ከተሕዋስያን ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን አያመጣውም። ሆኖም ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ዘሎ ቢገባ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ግፊቱም ባንድ ጊዜ ይጨምራል። እግርን፣ ክንድን፣ ደረትን አስቀድሞ እያረጠቡ ቀስ ብሎ መግባት ይህን አደጋ ይቀንሳል። በልቶ መዋኘት ያሰጥማል የሚባለው ግን ማስረጃ የለውም፤ ከከባድ ምግብ በኋላ ሰውነት ይከብድ ይሆናል እንጂ ምግብ ሰው አያሰጥምም።

ገንዳ ውስጥ ዓይን ሲቀላ ክሎሪን በዝቷል ይባላል። ዓይን የሚቆጠቁጠውና ኃይለኛው ሽታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ከመግባት በፊት ሰውነትን በሳሙና መታጠብ።

በሐብሩ ወረዳ ከገንዳ ይልቅ ወንዝ ይቀርባል፤ የወረዳዋ ከተማ መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወረዳዋን በሰሜን አላ ውሃ፣ በደቡብ ሚሌ ወንዝ ያዋስኗታል። እዚህ ላይ የሚነገሩት ሁለት እምነቶች ሕይወት የሚያስከፍሉ ናቸው። አንደኛው «ዋና የሚችል አይሰጥምም» የሚለው ነው። ወንዞቹ ውሃቸውን የሚያገኙት ከምዕራቡ ደጋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ላይ ፀሐይ ሊኖር ይችላል። ደራሽ ውሃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ የዋናተኛ ችሎታ አያድንም። የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያውለበልባል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለአፍታ ስለሆነ ለትንፋሽ እንጂ ለጩኸት አይበቃውም። ብዙዎች ሰው አጠገብ ሆነው በዝምታ ይሰጥማሉ።

ሁለተኛው «የሚፈስ ውሃ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ እንቁላል ከሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ተፈልፍሎ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ይራባል፣ ከዚያም ወጥቶ የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት ውሃው ቀስ የሚልበትን የወንዝ ዳርና የመስኖ ቦይ ነው። በኢትዮጵያ በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባሉ የእርሻ አካባቢዎች ነው፤ ፍራፍሬና ሽንኩርት በመስኖ የሚለማባት መርሳም ከዚሁ ከፍታ ውስጥ ናት። ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዙሪያም በሽታው መኖሩ በጥናት ታውቋል። ይህን በሽታ ለመከላከል ከተደረጉ ጥረቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚያም እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ወንዝ ውስጥ የዋኘና በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር ፕራዚኳንቴል በሚባለው መድኃኒት ይታከማል።

ከጤናው ባሻገር ሌላው እምነት ስለ ጓደኝነት ነው። ጎልማሳ አዲስ ወዳጅ አያፈራም፣ ያለው አብሮ አደጉና የቅሬ (የዕድር) ጎረቤቱ ብቻ ነው ይባላል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የሚተዋወቁ ሰዎች መቀራረብ እንዲጀምሩ 50 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ወዳጅ እንዲሆኑ ደግሞ ከ200 በላይ ሰዓት አብረው ማሳለፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚገናኙ ሰዎች ወደ ሃምሳው ለመድረስ ግማሽ ዓመት ይበቃቸዋል። ጎልማሳው የሚያጣው ይህን ተደጋጋሚ ሰዓት ነው። ወሎ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ቅሬው፣ ማኅበሩና ቡናው ሰውን የሚያቀራርቡት ቀናቸውና ሰዓታቸው የታወቀ በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ዋና በራሱ ወዳጅ ያመጣል ብሎ ማመንም ስህተት ነው። ፊቱ ውሃ ውስጥ የተነከረ ሰው አያወራም። ወዳጅነቱ የሚበቅለው ገንዳው ጠርዝ ላይ ትንፋሽ ሲሰበሰብ፣ ጀማሪው የሌላውን እጅ ይዞ ሲንሳፈፍ፣ ከዋናው በኋላ ሻይ ሲጠጣ ነው። ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና በትምህርት ቤት ግዴታ በሆነባት አይስላንድ ጎረቤታሞች የሚጨዋወቱት በገንዳው ዳር ባሉት የሙቅ ውሃ መቀመጫዎች ውስጥ ነው። መጥቶ፣ ዋኝቶ፣ ሳያናግር የሚሄድ ሰው ጤናውን ያገኛል፤ ወዳጅ ግን አያገኝም።

ሴቶች በብዛት የማይመጡት ፍላጎት ስለሌላቸው ነው የሚባለውም መመርመር አለበት። ከወንድ ጋር በአንድ ገንዳ መዋኘት ለብዙ የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን እናቶች አይመችም፤ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓትና ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ሲፈቀድ ይህ ችግር ይቃለላል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የገንዳው ውሃ መታከሙንና ጠባቂ መኖሩን መጠየቅ፣ ሦስት አራት እኩዮችን ማሰባሰብ፣ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሮ ለጎልማሶች በሳምንት ሁለት ቋሚ ሰዓት ማስያዝ። የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ደግሞ ከዚህም በላይ ብቻውን ፈጽሞ አይዋኝ።